የዳለቻ ጠባሳ

የምሥራች በሞላሌ ገበያ ጥግ፣ ከበርበሬ ሻጮቹ ቀጥሎ ተቀምጣ ቀበቶ ማደስ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ሙያው የአባቷ ነው። በሕይወት ሳሉ «ፋቂ» እያሉ ያሽሟጥጧቸው የነበሩ ሰዎች ዛሬ የተበጠሰ ቀበቷቸውን ይዘው እሷ ዘንድ ይመጣሉ፤ እሷም ስቃ ትቀበላቸዋለች። ቀበቶ ስትይዝ መጀመሪያ የምታየው ዘለበቱን ሳይሆን ባለቤቱ ሲያጠብቀው የኖረበትን ቀዳዳ ነው። ማን ክረምቱን እንደከሳ፣ ማን ከመኸር በኋላ እንደወፈረ ከዚያ ታውቃለች። አውቃም ዝም ትላለች።

በአንድ የታኅሣሥ ገበያ ቀን ገበሬው አባባ ትዕዛዙ መጥተው ቀበቷቸውን ፈቱ።

«አንቺ ልጅ፣ ዘለበቱ ሊገነጠል ነው። በደንብ አድርገሽ አድሺልኝ።»

«እሺ አባባ። እስከዚያ ሱሪዎን በምን ሊያስሩት ነው?»

ጎረቤቷ በርበሬ ሻጯ ሲዲቃ የጆንያ ሲባጎ ወረወረችላቸው። «በዚህ ይሰሩት! ብቻ ገበያ መሀል እንዳይሮጡ።»

«ብሮጥስ? ያየ ይየው!» አሉና ሲባጎውን ወገባቸው ላይ ቋጥረው በግ ሊገዙ ሄዱ።

ቀበቶው አሮጌ ቢሆንም ጤነኛ ቆዳ ነው። የምሥራች በወስፌ እየወጋች ዘለበቱን በሰም በታሸ ክር ሰፋችው። ቆዳውን ስትወለውል መሀሉ ላይ ጣቷ እንቅፋት መታው፤ እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ ወፍራም ጠባሳ። በእነሱ ሙያ ጠባሳ ነውር ነው። አባቷ ቆዳ ሲያለፉ «ጠባሳ ቀለም አይጠጣም፣ ያሳጣኛል» እያሉ ቆርጠው ይጥሉት ነበር። በደንብ አድሺልኝ ብለዋታልና ቢላዋዋን ስላ ጠባሳውን ከቀረው ቆዳ እኩል እስኪሆን ፋቀችው፤ በድንጋይም አለሰለሰችው። ስትዳስሰው ምንም የለም። ሥራዋ ደስ አላት።

የቀለሙን ቆርቆሮ ልትከፍት ስትል አባባ ትዕዛዙ በአንድ እጃቸው የበግ ጆሮ፣ በሌላው ሱሪያቸውን ይዘው ደረሱ። በጓን ለሲዲቃ አስይዘው ቀበቶውን ተቀበሏት። አውራ ጣታቸው ዓመታት የለመደውን መንገድ ይዞ ወደ መሀሉ ሄደ። ሄዶም ቆመ።

«ዳለቻ የት ሄደ?»

«ማን አባባ?»

«በሬዬ ነዋ። ታሞ ቢወድቅብኝ ማጭድ አግዬ ትከሻውን ተኮስኩት፤ በሦስተኛው ቀን ተነሣ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት አርሶልኛል። ገደል ገብቶ ሲሞት ቆዳውን ያለፋልኝ አባትሽ ነው። ጠባሳውን ልጣለው ቢለኝ እምቢ አልኩት። እያጉረመረመ ቀበቶው መሀል አዋለልኝ።»

የምሥራች ከዳለቻ የቀራቸውን አንድ ነገር በገዛ እጇ ፍቃ ጥላዋለች። ቢቆጧት በወደደች፤ እሳቸው ግን «ምን ታደርጊ፣ ያልነገርኩሽ እኔው ነኝ» ብለው ሲባጎውን መፍታት ጀመሩ። ቀልደኛዋ ሲዲቃ እንኳ በጓን አቅፋ አቀረቀረች።

«ይቆዩ አባባ። አይታጠቁት።»

አባቷ ሲያጉረመርሙ የኖሩበት ነገር ትዝ ብሏት ነው። ጠባሳ ቀለም አይጠጣም። ቃጠሎው ጥልቅ ከሆነ፣ ቢላዋዋ የወሰደው ላዩን ብቻ ነው። ቡናማ ቀለም በጨርቅ ነክራ ከዘለበቱ ጀምራ ቀባች። ቆዳው እየጠጣ ጠቆረ። መሀሉ ላይ ስትደርስ ቀባች፣ ወለወለች፣ ደግማ ቀባች።

ማጭዱ ነጣ ብሎ ቀረ። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ጉብጠቱ እንኳ ሳይጎድል።

አባባ ትዕዛዙ ቀበቶውን ወደ ፀሐይ አዙረው አዩት። «እሱ ነው» አሉ። አውራ ጣታቸውን መልሰው አሳለፉበትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጣቴ ግን አያገኘውም።»

«ይቅርታ አባባ።»

«ግዴለም። እስኪለምድ በዓይኔ እመራዋለሁ።»

ታጠቁት። በየትኛው ቀዳዳ እንዳጠበቁት የምሥራች አየች፤ ዘንድሮ ወፍረዋል።

«በሉ ሲባጎዬን!» አለች ሲዲቃ፣ ቀልዷ ተመልሶ።

«በጓንስ በምን ልጎትታት? በቀበቶዬ?»

ሲባጎውን በበጓ አንገት ላይ አስረው እየሳቁ ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ የምሥራች ቢላዋዋን ከማንሣቷ በፊት ሰውን ሁሉ ትጠይቃለች፦ «የማልነካብዎ ቦታ አለ?» ብዙዎቹ ግራ ይገባቸዋል። አንዳንዱ ግን ቀበቶውን ገልብጦ በጣቱ ያሳያታል።