የአያቴ ቀኝ መዳፍ

ቆቦ ገበያ ዳር የማሽላ እሸት ሲጠበስ በሸተተኝ ቁጥር አያቴ ይታወሱኛል። ትኩሱን ዛላ በሁለት መዳፋቸው አሽተው፣ እብቁን እፍ ብለው የሚያቀምሱን እሳቸው ነበሩ። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን በመታቸው ዓመት ግን፣ “አባባ፣ እኔ ልፈልፍልልዎት” አልኳቸው።

“ተይው ልጄ፣ አላህ አንዱን ትቶልኛል” አሉኝ፣ ምላሳቸው እየተሳሰረ። የማይታዘዛቸውን ቀኝ እጅ በግራቸው አንስተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት፤ ዛላውን መዳፉ ላይ አድርገው በግራቸው ማሸት ጀመሩ። ላባቸው ተንጠፈጠፈ፤ ግማሹ ፍሬ ተበተነ። የተረፈውን እፍ ብለው ለእኔ ሰጡኝ።

ቀኝ መዳፋቸው በትኩሱ መቅላቱን ያየሁት እያላመጥኩ ነው። እሳቸው አልተሰማቸውም።

ዛሬም ሻጯ ዛላውን ስታቀብለኝ እጄን ይፈጀኛል። አልጥለውም።