ሻንጣ የሌለው ተሳፋሪ

መቱ መናኸሪያ፣ የቡሬ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ሻንጣ አልያዘም። ሰላም ተባብለን ብዙም ሳይቆይ የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ጫፍ አቀበለኝ።

«ጋሼ፣ ይቺን ይስሙልኝ። ዘፋኝ የላትም፤ ፒያኖ ብቻ ናት። ክላሲካል ብትባልም የደረሳት ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው ነው። መጀመሪያ ላይ ታሰለቻለች፤ ይታገሷት።»

ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ዜማውን እየቀደሙ ይሄዳሉ። አንዲት አጭር ዜማ ትመላለሳለች፤ በሩ የጠፋበት ሰው ክፍሉ ውስጥ ሲንጎራደድ ትመስላለች። አሁን መውጫ ልታገኝ ነው ስል፣ አንዲት ሴት ዘንቢል ይዛ መጣች። ረዳቱ የወጣቱን ትከሻ ነካ አድርጎ በኦሮምኛ «ቡኢ» አለው፤ ውረድ ማለቱ ነው።

ያኔ ነው የገባኝ። መኪናው የሞላ እንዲመስል የሚያስቀምጡት ሰው ነው፤ እውነተኛ ተሳፋሪ ሲመጣ ይወርዳል።

«መጨረሻዋ እንዴት ነው?» አልኩት ማዳመጫውን ስመልስለት።

«መኪናው ሲሄድ ይበልጥ ታምራለች ብዬ እገምታለሁ» አለና ወረደ።

ከመናኸሪያው ስንወጣ ዞር ብዬ አየሁት። የበደሌው መኪና ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀምጦ፣ ማዳመጫውን አጠገቡ ላለ ሰው ያቀብላል።