በኩርፊያ የቀረው ሊብሬ

እትዬ ትርንጎን የሚወድ ሰው ሰፈራችን ለገሃሬ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። እኔም አልወዳቸውም። ሚኒባሳቸውን ከድሬዳዋ መልካ ጀብዱ ስነዳ ስንት ዓመት ኖሬ «እግዜር ይስጥህ» የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ አልሰማሁም። ጠዋት መኪናውን ሳስነሳ በሩ ላይ ይቆሙና «ዓብዩ፣ ፍሬኑን እየጨረስከው ነው»፣ «ዓብዩ፣ የትናንቱን ነዳጅ የት ደፋኸው?» ይሉኛል። ስመልሰው ደግሞ ዞረው ዞረው ያዩታል፤ አዲስ ጭረት ያጡ ቀን ቅር የሚላቸው ይመስለኛል።

ባላቸው ወልደማርያም የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ እትዬ ትርንጎ ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ልጆች ምሳ እያቀረቡ፣ ከሽንኩርት ነጋዴ ጋር እየተጣሉ፣ ከዘመድ ጋር እየተካሰሱ ጥሪት ያዙ። ያንን ጥሪት ይዘው የጎረቤታቸውን የጋሽ ሱሌማንን ሚኒባስ ገዙ። ጋሽ ሱሌማን ከወልደማርያም ጋር በአንድ ወርክሾፕ ያረጁ ሰው ናቸው። የሁለቱ ቤት ግድግዳ አንድ ነው፤ አንደኛው ቤት ሲያስነጥሱ ከሌላኛው ቤት «ይማርህ» ይባል ነበር።

ስህተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ሰፈር ጎረቤት ከጎረቤት ሲገዛ ወረቀት ማስቀደም ነውር ነው፤ «አላምንህም» እንደ ማለት ይቆጠራል። ስለዚህ ገንዘቡ ተሰጠ፣ ቁልፉ ተሰጠ፣ ተመረቀ፤ የሽያጭ ውል የሚባል ነገር ግን አልተጻፈም። ጋሽ ሱሌማን መኪናውን ለማስነዳትና ቦሎ ለማሳደስ ብቻ የሚሆን ውክልና ሰጡ። የባለቤትነቱ ደብተር፣ ሊብሬው፣ በስማቸው እንዳለ ቀረ። «ረመዳን ይውጣና ሁለታችንም ሄደን ስሙን እናዛውራለን» ተባባሉ። ስም ለማዛወር ሻጭና ገዢ አብረው መቅረብ አለባቸው፤ ይቺን ልብ በሉልኝ።

ረመዳን ወጣ። በኢድ ቀን እትዬ ትርንጎ ስኮርታውን፣ መጠባበቂያውን ጎማ ማለቴ ነው፣ አስወርደው ሲያዩት ልሙጥ ሆኖ አገኙት። ሲገዙ ያዩት አዲስ ነበር። ማን እንደቀየረው እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔ የጋሽ ሱሌማንን ልጅ ሚክዳድን እጠረጥራለሁ፣ ግን ማን ጠየቀኝ? እትዬ ትርንጎ ማጣራት የሚባል ነገር አያውቁም። የኢድ እንግዳ በሞላበት በር ላይ ቆመው «ሱሌማን! አንተ ሌባ! የሙት ሚስት የምትዘርፍ!» ብለው ጮኹ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሳቸው ግን እያወቁ ነው የለቀቁት።

ጋሽ ሱሌማን ወጥተው አዩዋቸውና ተመልሰው ገቡ። በማግስቱ ሽማግሌ ላኩ። «በሰደበችኝ በር ላይ ቆማ ስድቧን ታንሳልኝ። ያኔ ቢሮ አብሬያት እሄዳለሁ። ያለዚያ ወላሂ እግሬን አላነሳም» አሉ። እትዬ ትርንጎ ሽማግሌዎቹን እንኳን ቁጭ በሉ አላሏቸውም።

«እኔ? ይቅርታ? የወልደማርያም አፅም ይፋረደኝ፣ መኪናው እየተገፋ መልካ ጀብዱ ይሄዳል እንጂ አልልም!»

የሚገፋው ማን እንደሆነ አልተናገሩም።

እንደዚያ ሆኖ ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። በረመዳን ከወዲያ ይመጣ የነበረው የሳምቡሳ ሳህን ቀረ፤ በፋሲካ ከወዲህ ይሄድ የነበረውም ቀረ። እትዬ ትርንጎ በየሰንበቱ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። ትራፊክ ባስቆመኝ ቁጥር ሊብሬውን ገልጦ «ሱሌማን ማነው?» ይለኛል። «የማያናግሩን ጎረቤታችን ናቸው» ይባላል? ውክልናውን አሳይቼ አልፋለሁ። ጋሽ ሱሌማን ቢፈልጉ ውክልናውን በአንድ ጠዋት ሊሽሩት ይችሉ ነበር። አልሻሩትም።

ዘንድሮ ጋሽ ሱሌማን ታመሙ። ሳሉ ግድግዳውን አልፎ ይሰማል። እትዬ ትርንጎ ጠዋት ጠዋት ፍሬኔን ትተው እሳቸውን ያዙ። «ያ ሌባ በሳል እንቅልፍ ነሳኝ። ሐኪም አላየውም እንዴ? ልጁ ጅቡቲ ተጎልቶ አባቱን እንዲህ ይጥላል? ምን ዓይነት ዘር ነው!» እኔ ለእንቅልፋቸው የተቆጡ መስሎኝ መኪናውን አስነሳለሁ።

በኋላ ግን ፈራሁ። እኔም ቤተሰብ አለኝ፤ እንጀራዬ ያ መኪና ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ የሚቀመጥ አንድ ራፖር ጸሐፊ ጠየቅኩ። «ውክልና ከሰጪው ጋር ይሞታል» አለኝ። «የሽያጭ ውል ከሌላችሁ፣ ሰውዬው ዓይናቸውን የጨፈኑ ቀን መኪናው የወራሽ ነው። እስትንፋሳቸው ሳለ ስሙን አዛውሩ።» ሮጬ መጥቼ ለእትዬ ትርንጎ ነገርኳቸው። መንገር አይደለም፣ ጮኽኩባቸው። ምሳ ማቅረቡን ከተዉ ቆይተዋል፤ ከዚህ መኪና ሌላ ምንም የላቸውም።

«ይሙታ!» አሉኝ።

ሳምንት ያህል ቆይተው አንድ ቀን ነጠላቸውን ለብሰው ወጡና «ቀፊራ ውሰደኝ» አሉ። ገበያው ውስጥ ጊሽጣ ሲመርጡ እኔ በፀሐይ ነደድኩ። አንድ በአንድ እየነኩ፣ እያሸተቱ፣ ሻጯን እየሰደቡ። «ያገኙትን ይዘው አይሄዱም እንዴ?» ስላቸው «እሱ ጥሬ የሆነ አይበላም» አሉኝ። እኔ ስለ ሊብሬው እያሰብኩ ስለነበር ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ከገበያ ተመልሰን የጋሽ ሱሌማንን በር ስናንኳኳ ሚስታቸው ዳሃቦ ከፈቱልን። «ግቡ» አላሉም፤ ገለል ብቻ አሉ። ጋሽ ሱሌማን ፍራሻቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ጢማቸው ግን ተላጭቷል፣ ነጭ ሸሚዛቸው ተተኩሷል፣ ደግሞ ጫማ አድርገዋል። ፍራሽ ላይ ጫማ! ትኩሳቱ ራሳቸው ላይ ወጥቷል ብዬ አዘንኩ።

«ሱሌማን» አሉ እትዬ ትርንጎ፣ ጊሽጣውን እያስቀመጡ።

«ትርንጎ።»

ከዚያ እትዬ ትርንጎ መሬት መሬት እያዩ «ሌባ ያልኩህን ትቼዋለሁ» አሉ። እሳቸውን ለሚያውቅ ሰው ይሄ ተንበርክኮ እንደ መለመን ነው።

«እዚህ ነው እንዴ የሰደብሽው? አቦ፣ በር ላይ ነው» አሉ ዳሃቦ።

እትዬ ትርንጎ ዞረው አዩዋቸው። አሁን ገና ጉድ ፈላ ብዬ ቁልፉን ጨበጥኩ። እሳቸው ግን ወጡ። በሩ ላይ ቆመው በዚያው በድሮው ድምፃቸው «ስሙኝ! ሱሌማን ሌባ አይደለም! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ! ሰማችሁ?» ብለው ጮኹ። ባጃጅ ቆመ። ከሱቅ ሰው ወጣ። እትዬ ትርንጎ ሁሉንም ገልምጠው ተመለሱ። እኔ ደስታዬ እንባ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ መኪናው የእኛ ሆነ ብዬ።

ጋሽ ሱሌማን ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው። ሳሉ እስኪበርድ ጠበቁና ቀስ ብለው ጠየቁ።

«ትርንጎ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ለእኔ ነው የመጣሽው ወይስ ለሊብሬው?»

በይ! አልኩ በሆዴ። «ለአንተ» በይው! አንድ ቃል ናት፣ ግብር የላትም፣ ቴምብር የላትም። እትዬ ትርንጎ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ዳሃቦን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በሩ ላይ ያሰገገውን ሰው አዩ። አገጫቸው ቀና አለ።

«ለሊብሬው ነዋ! ከአንተ ጋር ምን አለኝ?»

ጋሽ ሱሌማን ትክ ብለው አዩዋቸው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ዳሃቦ» አሉ፣ «ጫማዬን አውልቂልኝ።»

ያኔ ገባኝ። ሰውዬው ለመንገድ ነበር የለበሱት። እትዬ ትርንጎ ጊሽጣ እየመረጡላቸው መሆኑን ከገበያ የመጣ ሰው ነግሯቸው፣ ቢሮ አብረውን ሊሄዱ ተዘጋጅተው ነው የጠበቁን። እትዬ ትርንጎም ገብቷቸዋል፤ ፊታቸው አመድ ሲመስል አይቻለሁ። ቢሆንም ቃላቸውን ሳያነሱ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ሱሌማን ብዙ አልቆዩም። ቀብሩ ላይ ለገሃሬ በሙሉ ወጣ። እትዬ ትርንጎ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለቅሶ ቤቱ ጥግ ተቀመጡ፤ ያናገራቸው ሰው የለም። ለቅሶው ሲያበቃ ሚክዳድ፣ ከጅቡቲ የመጣው ልጅ፣ በራችን ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ።

«እትዬ፣ ቁልፉን ያምጡ። መኪናው በአባቴ ስም ነው።»

«ገዝቼው ነው። እናትህን ጠይቃት!»

ዳሃቦ ከልጃቸው ጀርባ ቆመው ነበር። መግዛታቸውን ያውቃሉ፤ ገንዘቡ ሲሰጥ እዚያው ነበሩ።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ሌባ ስትይው ኖርሽ» አሉ። «እንግዲህ የሌባ ቤት ምን እንደሚያደርግ እዪ።»

እትዬ ትርንጎ ቁልፉን ከእጄ ወስደው ሰጡት። ሚክዳድ ማርሹን እያንገጫገጨ አወጣው፤ መንዳት እንኳን አይችልም። እኔ በቆምኩበት ሥራ ፈት ሆንኩ።

ከዚያ በኋላ አፌን መያዝ አቃተኝ። እንኳን አሠሪዬ እናቴም ቢሆኑ አልመለስም ነበር።

«አንድ ቃል!» ብዬ ጮኽኩባቸው። «"ለአንተ ነው" ቢሏቸው ምን ነበረበት? ሰው ለእንጀራው አይዋሽም? እርስዎ ለአንድ ቀን ቢዋሹ ሰማይ ይወርድ ነበር?»

እትዬ ትርንጎ የመኪናው ዘይት ያጠቆረውን መሬት ቆመው ያዩ ነበር። ቀና አሉ። እንደዚያ በጥላቻ አይተውኝ አያውቁም።

«ማን ውሸት ነው አለህ?» አሉኝ። «ለእሱ ነበር የሄድኩት።»

ገቡና በሩን ፊቴ ላይ ዘጉት።