ከማዳመጫው የጠፋው የራኬል ድምፅ

ማይቮር ሾሊን ሥራዋን ያገኘችው በስህተት ነው ማለት ይቻላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ትሠራበት የነበረው የልብስ ስፌት ቤት ተዘጋና ሁዲክስቫል ከተማ ውስጥ ሥራ ፍለጋ ስትዞር፣ ከወደቡ አጠገብ ባለው የሬዲዮ ሱቅ መስኮት ላይ "ሠራተኛ እንፈልጋለን" የሚል ወረቀት አየች። ገባች። ባለቤቱ ስቱሬ ከመነጽሩ በላይ አየት አደረጋትና፣

"መርፌ ታውቂያለሽ?" አላት።

"ከመርፌ ሌላ ምን አውቃለሁ!"

"እንግዲያው ሰኞ ነይ።"

ሰኞ ስትመጣ ነው ስቱሬ የጠየቃት ስለ ሸክላ ማጫወቻ መርፌ እንደነበር የገባት። ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ያም ሆኖ ዓይኗ ቀጭን ነገር የለመደ ነበርና፣ ሳምንት ሳይሞላት የተበላውን መርፌ ከደህናው እንዲያው በማየት ትለየው ጀመር። ስቱሬ ለዚሁ ሥራ ማጉያ መነጽር ያስፈልገው ነበር። በዚያው ቀረች።

ሱቁ ቴሌቪዥንም ማቀዝቀዣም ይሸጣል። እሱን የሚሸጡ ሌሎች ነበሩ። የማይቮር ቦታ ከበሩ በስተቀኝ ያለው ረጅሙ ባንኮኒ ነበር። ትንንሹ ነገር ሁሉ፣ መርፌው፣ የባትሪ ድንጋዩ፣ የካሴት ማጽጃው፣ ገመዱና መሰኪያው እሷ ዘንድ ነው። ዘመን ሲለወጥ መሳቢያዎቿም አብረው ተለወጡ። ሸክላው ሄዶ ካሴት መጣ፤ ካሴቱ ሄዶ ሲዲ መጣ። በ2006 ደግሞ አገሩ በሙሉ ከክብሪት ሣጥን ብዙም የማይበልጥ፣ ኤም ፒ ስሪ የሚባል የዘፈን ማጫወቻ ኪሱ ከትቶ ይዞር ጀመረ። ሰው ማጫወቻውን ከየትም ይገዛዋል። የጆሮ ማዳመጫው፣ ማጫወቻው የሚከተትበት ማህደር፣ ክንድ ላይ የሚታሰረው ማንገቻ፣ ቻርጀሩ ሲያስፈልገው ግን ወደ ማይቮር ይመጣ ነበር።

ብዙው ሰው ቀለም መርጦ ነው የሚመጣው። ማይቮር ቀለሙን ለመጨረሻ ታቆየዋለች። መጀመሪያ የምትጠይቀው የት እንደሚያዳምጡት፣ ሲያዳምጡ እጃቸው ምን እንደሚሠራ፣ ኮፍያ ያደርጉ እንደሆነ ነው። አንዲት ፖስታ አዳይ ውዱን ማዳመጫ ልትገዛ ስትመጣ ማይቮር፣ "እስኪ ጓንትሽን አሳዪኝ" አለቻት። ጓንቱ ወፍራም ነው። ገመዱ ላይ ትልቅ ቁልፍ ያለበትን፣ ጓንት ሳይወልቅ የሚጫነውን፣ ዋጋውም ግማሽ የሆነውን ሰጠቻት። አንድ ዳቦ ጋጋሪ በዓመት ሦስት ማዳመጫ እንደሚበላሽበት ሲያማርር፣ አሮጌውን ይዞ እንዲመጣ ነገረችው። ትንንሾቹን ቀዳዳዎች ዱቄት ደፍኗቸዋል። ጫፉ ላይ ጎማ ያለውን አይነት ሸጠችለትና ማታ ማታ ጎማውን ነቅሎ በውኃ እንዲያለቀልቀው አሳየችው። ያ ሰው ከዚያ በኋላ ለማዳመጫ ተመልሶ አልመጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ቂጣ ይዞላት ብቅ ይላል።

ማይቮር ባል አላገባችም። ታጌ ከሚባል የመርከብ መካኒክ ጋር ዘጠኝ ዓመት አብራ ኖራለች፤ እሱ ዬተቦሪ በምትባል ሩቅ ከተማ ሥራ ሲያገኝ እሷ ከተማዋን ትታ መሄዱን አልፈለገችም፤ ሳይጣሉ ተለያዩ። የምትኖረው ከባቡር ጣቢያው በላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። በበጋ ድንች ትተክላለች፣ በክረምት መዋኛ ቤት ሄዳ ትዋኛለች።

ስቱሬ ሲሞት ሱቁ ለልጁ ለኒክላስ ደረሰ። ኒክላስ መጥፎ ሰው አልነበረም። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ እንቅልፍ የሌለውና ከትላልቆቹ መደብሮች ጋር መፎካከር የሚያስጨንቀው ሰው ነው። በዚያው ክረምት አንድ ሐሳብ መጣለት፦ ማጫወቻው፣ ማዳመጫው፣ ማህደሩና ቻርጀሩ ሁሉም ባንድ ላይ በላስቲክ ታሽጎ ይሸጥ።

"ሰው መምረጥ አይወድም፣ ማይቮር" አላት። "ይምጣ፣ ያንሳ፣ ይክፈል፣ ይሂድ።"

"ለጆሮው ባይመጥንስ?"

"የሁሉም ሰው ጆሮ ያው ጆሮ ነው።"

ማይቮር አልተከራከረችም። ጥቅሎቹ በሩ አጠገብ ተደረደሩ፤ እውነትም በደንብ ይሸጡ ነበር። የእሷ ባንኮኒ ጸጥ አለ። በሚመጣው መከር የሥራ ቀኗ ሊቀነስ እንደሚችል ኒክላስ ዓይኗን ሳያይ ነገራት። እሷም "እሺ" አለችና ገመድ መጠቅለሏን ቀጠለች፤ ያን ቀን ግን ቤቷ ስትገባ እራት መብላቱን ረሳችው።

በጥር መጨረሻ፣ በረዶው የመስኮቱ ወገብ ላይ በደረሰበት ሳምንት፣ ኤቨርት ኑርድቫል ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ኤቨርት የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ነው፤ ዕድሜውን እንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ የጨረሰ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ። የዚያን ቀን ብቻውን አልነበረም። ሚስቱ ራኬል ቀይ የሱፍ ኮፍያዋን እንደደፋች ከኋላው ትከተለዋለች፤ አኩርፋለች።

ኒክላስ ከሩቅ ሲያያቸው ወደ ማይቮር ጠጋ ብሎ፣ "ደግሞ መጣ። ማዳመጫውን ሁለቴ ቀይሬለታለሁ፣ ዕቃው ምንም አልሆነ። ገንዘቡን መልሺለትና ይሂድልን" ሲል አንሾካሾከ።

"ቆይ እስኪ፣ ልስማው።"

ኤቨርት ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። "ይሄም እንደዚያኛው ነው" አለ። "ሰው ይጎድለዋል።"

"ምን ይጎድለዋል?"

"ሰው።"

ራኬል ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም። "እኔን ነው የሚለው! በገና ሰሞን መዘምራኑ ስንዘምር አማቻችን ቀድቶ እዚህ ላይ ጫነለት። አዲስ ጫማ ገዝቼ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየኝ፣ ብቻዬን ቆሜ የዘመርኩትን! ቄሱ እንኳ ሲናፈጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ይሄ ሰውዬ ግን 'የለሽበትም' ይለኛል።"

"የለሽበትማ" አለ ኤቨርት ረጋ ብሎ። "ታዲያ ልዋሽ? ኦርጋኑ አለ። እኛ ወንዶቹ አለን። አንቺ ጋ ሲደርስ ከሩቅ ትንኝ የመሰለ ነገር ነው።"

"ትንኝ!" ራኬል ወደ ማይቮር ዞረች። "ሰማሽልኝ?"

ማይቮር ሳቋን ዋጥ አድርጋ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰካች። መዝሙሩ ጀመረ። ሲቀዳ ሁለት ማይክሮፎን ተተክሎ ነበርና፣ በስተግራ የቆሙት ሴቶች በግራ ጆሮዋ፣ በስተቀኝ የቆሙት ወንዶች በቀኝ ጆሮዋ ይሰሟታል። ከዚያ የራኬል ድምፅ ብቻውን ወጣ፤ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ ጥቂትም የሚንቀጠቀጥ።

"አለሽበት" አለቻት። "ከሁሉም ጎልተሽ። በጣም ያምራል፣ ራኬል።"

ራኬል አገጯን ከፍ አድርጋ ባሏን አየችው። ኤቨርት ፊቱ ቀላ። "እንግዲያው ውሸታሙ እኔ ነኛ" አለና ባርኔጣውን አነሳ።

እዚህ ላይ ሌላ ሻጭ ቢሆን ነገሩ አለቀ። ማይቮር ግን ከመጀመሪያው አንድ ነገር ልብ ብላ ነበር። ሰው ባነጋገረው ቁጥር ኤቨርት ቀኝ ጉንጩን ያዞራል፤ መስኮት ላይ ጆሮውን የሚለጥፍ ሰው ይመስላል።

"እስኪ አንዴ እንደምታዳምጠው አድርገው" አለችው። አደረገው። "አሁን ላገላብጠው፣ ትፈቅዳለህ?" የግራውን ከቀኝ ጆሮው፣ የቀኙን ከግራ ጆሮው አደረገችና መዝሙሩን ከመጀመሪያው አስጀመረችው።

ኤቨርት ጣራ ጣራውን እያየ ቆመ። ባርኔጣውን የያዘው እጁ ቀስ እያለ ወረደ። ከዚያ፣ ጆሮው እንደተደፈነ ሰው፣ ሱቁ በሙሉ ዞሮ እስኪያየው ጮኸ።

"አለች! ራኬል፣ አለሽ እኮ!"

"ነገርኩህ እኮ" አለች ራኬል፤ ድምፅዋ ግን ለስልሷል።

ጥቂት እንደቆየ ኤቨርት ግንባሩን ቋጠረ። "አሁን ደግሞ እኛ ጠፋን። ወንዶቹ የሉም።"

ማይቮር ማዳመጫውን አወለቀችለት። ባንኮኒውን ዞራ በግራው በኩል ቆመችና በተለመደው ድምፅዋ፣ "ኤቨርት፣ ዛሬ ቁርስ ምን በላህ?" አለችው።

ኤቨርት ምንም እንዳልተባለ ሁሉ ማጫወቻውን እያገላበጠ ያያል። የዞረችው ራኬል ናት። ባሏን አየች፣ ማይቮርን አየች፣ እንደገና ባሏን አየች።

ማይቮር ወደ ቀኙ ተመልሳ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ዕቃው ደህና ነው። የግራ ጆሮህ ነው" አለችው።

"እሱንማ አውቃለሁ" አለ ኤቨርት። "ማዳመጫውም እንደ ሰው ጎን የሚለይ መሆኑን ነው ያላወቅሁት።"

"ታውቃለህ?" አለች ራኬል። "ከመቼ ጀምሮ?"

ኤቨርት ጫማውን አየ። "ከሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዘጠኝ። ትልቁ መጋዝ በግራዬ ነበር። ብናገር ከመጋዙ ያነሱኝና መጥረጊያ ያስይዙኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ... እንዲያው ተለመደ።"

"ቁርስ ላይ የምቀመጠው በግራህ ነው።"

"ነው።"

"ሃያ ሰባት ዓመት!"

"የተወሰነውን ሰምቻለሁ" አለ ኤቨርት። "ከንፈርሽን እያየሁ። ጋዜጣ ያልያዝኩ ቀን።"

ራኬል ባሏን ትኩር ብላ አየችው። ልታለቅስ ነው ብላ ማይቮር ሰጋች። ራኬል ግን በሳቅ ፈነዳች፤ ባንኮኒውን ደግፋ፣ ኮፍያዋ እስኪንሸራተት ሳቀች። በኋላ ዓይኗን ጠረገችና የባሏን ክንድ ያዘች። ቀኙን።

አሁን መምረጡ ቀረ። ማይቮር ከታችኛው መሳቢያ፣ ከአሮጌ የካሴት ገመዶች ሥር፣ አውራ ጣት የማታክል መሰኪያ ፈልጋ አወጣች። ማጫወቻው ላይ ስትሰካ የግራውንና የቀኙን ድምፅ አቀላቅላ ለሁለቱም ጆሮ እኩል የምትሰጥ ናት። በጥቅሉ ውስጥ የነበረውን ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ ወደ ጎን አደረገችው፤ የኤቨርት ጆሮ ሰፊ ነውና ቶሎ ቶሎ ይወድቅበታል። በምትኩ ጆሮን የሚሸፍን፣ ትራሱ ለስላሳ የሆነ ማዳመጫ አቀረበችለት።

"ሄሊኮፕተር ነጂ አስመሰለው" አለች ራኬል።

"የት ነው የምታዳምጠው?"

"እንጨት ስፈልጥ" አለ ኤቨርት።

"አይሆንም" አለች ማይቮር ቆፍጠን ብላ። "መጥረቢያ ይዘህ የቀረህን ጆሮ አትሸፍንም። ቁጭ ስትል።"

ኤቨርት ጥቂት አሰበ። "እሺ፣ ቁጭ ስል።"

ስለ ገመዱ ሲነጋገሩ ወንበሩ ከመስኮቱ አጠገብ መሆኑ ታወቀና አጭሩ በቃ። ራኬል ቀይ የቆዳ ማህደር ፈለገች፤ ኤቨርት ቀይ አልይዝም አለ፤ ቡናማው ተወሰደ። በመጨረሻ ኤቨርት ማዳመጫውን አድርጎ እዚያው ቆሞ መዝሙሩን እስከ ፍጻሜው ሰማ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የራሱን ክፍል እየዘመረ። ማንም አላቋረጠውም።

ሲወጡ ኒክላስ ወደ ባንኮኒው መጣ። ሁሉንም ከቴሌቪዥኖቹ መካከል ቆሞ ሲያይ ነበር።

"ያቺ ትንሿ መሰኪያ ካታሎጉ ላይ አለች?"

"የለችም። አባትህ ነው ያዘዘው፣ ድሮ።"

"ስንት ቀረን?"

"አራት።"

ኒክላስ ጭንቅላቱን አከከ። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሁለቴ ቀየርኩለት እንጂ አልጠየቅሁትም" አለና ሄደ። ጥቅሎቹ ከበሩ አጠገብ አልተነሱም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ዕቃ ይዞ የሚመለስን ሰው፣ ቀጥታ ወደ ማይቮር ይልክ ጀመር።

በየካቲት ኤቨርት ራኬል ጎትታው የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄደ። የመስሚያ መሣሪያ ሰጡት፤ ደስ ባለው ቀን ያደርገዋል። ራኬል ቁርስ ላይ ወንበሯን ወደ ቀኙ አዛወረች። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ኤቨርት የባትሪ ድንጋይ ሊገዛ ብቅ አለና ማይቮርን፣ "ጠዋት ጠዋት ብዙ ነገር ይባላል እኮ" አላት። ቅሬታ ይሁን ደስታ ከፊቱ አልታወቀም።

የማይቮር የሥራ ቀን እንደተባለው በመከር ተቀነሰ፤ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ውጪ ሆነች። የመጀመሪያውን ሐሙስ መስኮት እያጠበች፣ ሁለተኛውንም ያንኑ መስኮት እያጠበች ዋለች። ወሬው ራኬል ዘንድ ሲደርስ ማንንም ሳታማክር ቤተ መጻሕፍት ሄዳ፣ ማይቮር ሐሙስ ሐሙስ እዚያ ተቀምጣ ሰው ልትረዳ እንደምትችል ነገረች። በኅዳር ከጋዜጦቹ አጠገብ ለማይቮር አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ተዘጋጀ። ሰው ልጁ የሰጠውን፣ ራሱ የገዛውን፣ እንዴት እንደሚበራ እንኳ ያላወቀውን ማጫወቻ ይዞ ይመጣ ነበር። ማይቮር አትሸጥም፤ ታያለች፣ ትሞክራለች፣ የሚያስፈልገውን ወረቀት ላይ ጽፋ ትሰጣለች። አንዳንዱን፣ "ምንም አትግዛ፣ ያለህ ይበቃል" ብላ ትሸኘዋለች።

ብርዱ ሲበረታ ሰዉ በዛ። አንድ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰው ወረፋ ይዞ ጠበቃት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጨረሻዋን ሴትዮ ሸኝታ ካፖርቷን ለበሰች፤ ጉሮሮዋ ደርቋል፣ ርቧታልም። በረዶው እየቀለጠ መንገዱ ጨቅይቷል። ቤቷ እስክትደርስ ካልሲዋ ረጠበ፤ ድንች ጣደችና እግሯን ምድጃው አጠገብ ዘርግታ እስኪበስል ጠበቀች።