የጤፍ ነፋስና የሽምብራ ነፋስ

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ አቃቂ

ቅዳሜ ጠዋት ከአቃቂ ቤቴ ስወጣ ትከሻዬ ላይ ያንጠለጠልኩት ረጅም ቀይ ከረጢት የሰፈሩን ሰው ሁሉ አስጠየቀ። አንዷ ጎረቤቴ ድንኳን መስሏት ማን እንደሞተ ጠየቀችኝ። ማንም አልሞተም። ከረጢቱ ውስጥ ያሉት በክር ተይዘው በነፋስ የሚበሩ ሁለት የጨርቅ ካይቶች ናቸው፤ የጉዞዬም ዓላማ ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ታዬን ከአራተኛ ፎቅ አውርጄ፣ ኮዬ ፈጬ ሜዳ ድረስ ወስጄ፣ እነዚህን ካይቶች እንዲያበር ማድረግ ነው። ይህን ብነግራት ኖሮ ለእኔም ድንኳን ታስጥልልኝ ነበር።

ካይቶቹ እጄ የገቡት በስህተት ነው። ኅዳር ላይ ሳሪስ አቦ ገበያ ከልባሽ ጨርቅ ክምር ውስጥ ሳገኛቸው፣ ሻጩ የተሰበረ ጥላ ናቸው ብሎ በመቶ ሃያ ብር ሸጠልኝ። እኔም የፈለግሁት ጨርቁን ነበር፤ ስስ፣ ውኃ የማያስገባ፣ ቢጎትቱት የማይቀደድ፣ ለዝናብ ልብስ የሚሆን ጨርቅ። መቀሴን ይዤ ጋሼ ቤት ሄድኩና መሬት ላይ ዘረጋሁት። ጋሼ ከአልጋው ቀና ብሎ መቀሱን እንዳስቀምጥ አዘዘኝ፤ ይኼ የሚበር ነገር ነው አለ። እውነትም በከረጢቱ ኪስ ውስጥ፣ በሁለት እጁ ሁለት ክር የያዘ ሰው ሥዕል ያለበት ወረቀት ተገኘ። የቀኙን ክር ሲስቡት ወደ ቀኝ፣ የግራውን ሲስቡት ወደ ግራ የሚዞር ካይት ነው። ክሮቹ ግን ከረጢቱ ውስጥ አልነበሩም።

ጋሼ ዕድሜውን በባቡር ጋራዥ የፈጀ መካኒክ ነው። ከሰባት ወር በፊት ስትሮክ መታውና ግራ እጁ ሰነፈ። ሐኪሞቹ በልምምድ ይመለሳል ብለውት ነበር። ሁለት ወር ፊዚዮቴራፒ ተመላለሰና፣ የጎማ ኳስ ሲጨብጥ መዋል ሰልችቶኛል ብሎ ተወው። ከዚያ ወዲያ ከአልጋው ወደ ሶፋው፣ ከሶፋው ወደ አልጋው ሆነ። ካይቶቹን ባየ ቀን ግን ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ፈለገ፤ ውልም አቀረበልኝ።

‹‹ይኼ ነገር በግራ እጄ ከዞረልኝ በሚከተለው ሰኞ ወደ ፊዚዮቴራፒው እመለሳለሁ። ካልዞረ ግን፣ ብርቄ፣ ሁለተኛ የዚህን እጅ ነገር እንዳታነሺብኝ።››

እሺ አልኩት። ክሩን እኔ አመጣለሁ አልኩ። ሃያ ስድስት ዓመት በፈትል ፋብሪካ ሠርቻለሁ፤ ክር ማለት ለእኔ እንጀራዬ ነው። ሦስት ነጠላ የጥጥ ክር አንድ ላይ አክርሬ፣ ሻማ ቀብቼ፣ በሁለት ማጠንጠኛ ጠቅልዬ ተዘጋጀሁ። ከመጥረጊያ እንጨት ሁለት እጀታ ቆረጥኩ፤ የግራው እንዳይወድቅበትም ሰፊ የጨርቅ ማንገቻ ሰፋሁለት።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሳሪስ አቦ

መጀመሪያ ሳሪስ አቦ የወጣሁት ክሩን ከካይቱ ጋር የሚያያይዙ ትንንሽ የብረት ቀለበቶች ለመግዛት ነው። ታክሲው ቃሊቲ ላይ በከባድ መኪና ታጥሮ ግማሽ ሰዓት አቆመን። ረዳቱ ለከረጢቱ የአንድ ሰው ሒሳብ ጠየቀኝ፤ ተከራክሬ በግማሽ ጨረስኩ።

ሸምሱ ከገበያው ጥግ የምትገኝ ጠባብ ሱቅ አለው። ሚስማር፣ ሲባጎ፣ ቁልፍ፣ ወደ ዝዋይ ለሚወርዱ ሰዎች ደግሞ የዓሣ ማጥመጃ ይሸጣል። ቀለበቶቹን እየቆጠረልኝ ክሬን አነሳና በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ‹‹እትዬ ብርቄ፣ ይኼ የከረረ ነው፤ ጭነት ሲይዝ ይፈታብዎታል። ሲፈታ ደግሞ ይረዝማል›› አለኝ። ከመደርደሪያው ሁለት ጥቅል የዓሣ ማጥመጃ ክር አወረደ፤ አንዱ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ሌላው ወፈር ያለ። ሁለቱም እንደ ሹሩባ የተጎነጎኑ ናቸው። ቀጭኑ ለቀላል ነፋስ፣ ወፍራሙ ለኃይለኛ፤ ሁለቱም አይሳቡም፣ አይፈቱም አለኝ።

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አልኩ በሆዴ። ስንት የክር ዓይነት በጣቴ አልፎ ይሄ ልጅ ስለ ክር ይነግረኛል። ቢሆንም ሸምሱ ሲለምን አይቻልም፤ ካልተጠቀሙበት ይመልሱልኝ ብሎ ስለጸና በሁለት መቶ ብር ሁለቱንም ወሰድኩና ከከረጢቱ ታች ወሸቅኳቸው። ለመንገድ አራት ሳምቡሳ ገዝቼ ወጣሁ።

አራት ሰዓት፣ ገላን ኮንዶሚኒየም

የጋሼ ሚስት ሥራ ነበረች። ጋሼ ራሱ ጫማውን አድርጎ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ከዘራውን ይዞ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ሊፍት የለም። ሲወርዱ የደረጃው ብረት በቀኝ በኩል ስለሆነ በጤነኛው እጁ እየያዘ፣ በየፎቁ እያረፈ ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። ሲወጡ ግን ብረቱ በግራ ይሆናል። ባለፈው ከሐኪም ቤት ሲመለስ ብረቱን መያዝ አቅቶት በእኔና በሚስቱ ትከሻ ተንጠልጥሎ ነው የወጣው፤ ያን ቀን በኀፍረት ማንንም አላናገረም። አሁንም ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆም ብሎ ወደ ላይ ተመለከተ። ምን እንዳሰበ ስለገባኝ ሳምቡሳውን አወጣሁና አንድ ሰጠሁት።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ኮዬ ፈጬ

በቱሉ ዲምቱ በኩል በሚኒባስ ሄደን፣ የመጨረሻውን መንገድ በባጃጅ በሠላሳ ብር ጨረስነው። ያልተጠናቀቁት ሕንፃዎች በተርታ ቆመዋል፤ ከእነሱ ማዶ የታጨደ ማሳ እስከ ኮረብታው ድረስ ተዘርግቷል። ጥር ነውና ሰማዩ ጠርቷል። ከሕንፃ ወደራቀው ባዶ ቦታ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በአውድማቸው ላይ ጤፍ በላይዳ ወደ ላይ እየበተኑ ነፋሱ ገለባውን ይወስድላቸው ነበር። ኦቦ ደበላ ይባላሉ። ‹‹አካም ቡልታን›› ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉን፤ ከዚያ ወደ አማርኛ ተሻገሩ። ለጋሼ ከገለባው ክምር አጠገብ ቦታ ሰጡት፤ ጀርባውን አስደግፎ እንዲቆም።

ከሁለቱ ካይቶች አንዱ ትልቅ ነው፤ ክንፉ ከእኔ ቁመት ይበልጣል፣ ግን ቀላል። ሌላው ትንሽ ሆኖ ከወደ መሐሉ እንደ መረብ የተበሳሳ ጨርቅ አለው። ነፋሱ ለስለስ ያለ ስለነበር ትንሹን መረጥኩ፤ ለትንሽ ነፋስ ትንሽ ካይት ብዬ። ጋሼን እጀታዎቹን አስይዤ፣ ሃያ አምስት እርምጃ ርቄ ካይቱን ወደ ላይ ብወረውር ተመልሶ እግሬ ሥር ወደቀ። አምስት ጊዜ ሞከርኩ። ኦቦ ደበላ ላይዳቸውን ተክለው ሲያዩኝ ቆይተው መጡና ካይቱን በጣታቸው አገላበጡት።

‹‹ኦቦሌቲ›› አሉኝ፤ እህቴ ማለታቸው ነው። ‹‹ይኼ የተበሳሳው ነፋስ ያሳልፋል፤ ለብርቱ ነፋስ ነው። አሁን ያለው የጤፍ ነፋስ ነው፤ ቀላል ነገር ብቻ ነው የሚያነሳው። እኔም ለዚህ ነው በጠዋት ጤፍ የያዝኩት። ከሰዓት በኋላ የሽምብራ ነፋስ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ጤፍ ብበትን ፍሬውም ከገለባው ጋር ይሄድብኛል።››

ለካ ነገሩ እንዲህ ነው። ጉልበት በሌለው ነፋስ ብዙ ጨርቅ ያለው ቀላል ካይት ያስፈልጋል፤ ነፋስ ሲበረታ ደግሞ ትንሽ፣ ነፋሱን በከፊል የሚያሳልፍ። ትልቁን ገጠምን። እንደለቀቅሁት ተነሳ። የጋሼ ፊት ሲበራ ከሩቅ አየሁት፤ እኔም እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ።

ደስታችን ብዙ አልቆየም። ካይቱ ጥቂት ከወጣ በኋላ ወደ ቀኝ አዘመመና በአፍንጫው ተተከለ። አነሳሁት፤ ደግሞ ወደ ቀኝ። ጋሼ ጥርሱን ነክሶ ግራውን ክር ለመሳብ ይታገላል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ይወርዳል፣ ካይቱ ግን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ይወድቃል። ከስንተኛው በኋላ እንደሆነ አላውቅም፣ ቀኝ እጀታውን መሬት ላይ ጣለ፤ ግራው በማንገቻው ከእጁ ተንጠልጥሎ ቀረ።

‹‹አየሽው? እጄ ነው። በቃ፣ ወደ ቤት ውሰጂኝ።››

ውሉ ውል ነው። ከዚህ በኋላ ስለዚያ እጅ አፌን መክፈት አልችልም፤ እሱም ሶፋው ላይ ሊያረጅ ነው። በንዴት ይሁን በእልህ፣ ማንገቻውን ከእጁ አውጥቼ ሁለቱንም እጀታ ራሴ ያዝኩና ኦቦ ደበላን ካይቱን እንዲለቁልኝ ለመንኳቸው። በሁለት ጤነኛ እጅ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የፋብሪካ ማሽን ያጠነከረው እጅ፣ ግራውን ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩ። ካይቱ ወጣ፣ ወደ ቀኝ አዘመመ፣ ወደቀ።

ክሮቹን መሬት ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ጠዋት እኩል ለክቼ የቆረጥኳቸው ክሮች ናቸው። የግራውን ያከረርኩት አላልቼ ኖሯል፤ ከቀኙ በአንድ ስንዝር ከአራት ጣት ረዝሟል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ግምዱ ላልቶ፣ ሻማው ተልጦ እንደ አሮጌ ነጠላ ጫፍ ተበታትኗል። ሸምሱ ትክክል ነበር። ጋሼ እጁን ሲከስስ የዋለው በእኔ ክር ጥፋት ነው። አፈርኩ፤ እንዲያውም አለቀስኩ። ከዚያ ግን ሄጄ ነገርኩት።

‹‹ጋሼ፣ እጅህ አይደለም። ክሬ ነው።››

ክሩን ወስዶ በቀኝ እጁ ጣቶች አፍተለተለው። የመካኒክ ዓይን ነውና ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ‹‹ሃያ ስድስት ዓመት›› አለና ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀብኝ።

ስምንት ሰዓት፣ እዚያው ሜዳ

ቁጭ ብለን ሳምቡሳውን ከኦቦ ደበላ ቆሎ ጋር በላን። መሬታቸው ለኮንዶሚኒየም ተለክቷል፤ ይህ ምናልባት የመጨረሻው አውድማቸው ነው። መሬቱን ለክተውታል፣ ነፋሱን ግን ገና አልደረሱበትም ብለው ሳቁ፤ እኔ ግን አብሬ ለመሳቅ ከበደኝ።

እየበላን ሳለ ነፋሱ ተለወጠ። ኦቦ ደበላ ጤፋቸውን በሸራ ሸፍነው ሽምብራውን መበተን ጀመሩ። እኔም ትልቁን ካይት አጣጥፌ ትንሹን፣ የተበሳሳውን አወጣሁ። በዚህ ነፋስ ትልቁ ካይት ጋሼን ከነገለባው ይዞት ይሄድ ነበር። ክር ደግሞ የሸምሱን ወፍራሙን የተጎነጎነውን፤ ቀጭኑ በዚህ ነፋስ ሊበጠስ ይችላል። ጠዋት ለትልቁ ካይት የሚስማማው ቀጭኑ ነበር፤ ወፍራም ክር በደካማ ነፋስ በክብደቱ ብቻ ካይቱን ያወርደዋል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና በዚህኛው አልቸኮልኩም። ሁለቱን ክሮች በአንድ ችካል አስሬ፣ ሃያ አምስት እርምጃ ወስጄ፣ አጥብቄ ስቤ፣ ጫፋቸውን አንድ ላይ ቆረጥኩ። ጋሼ ቋጠሮዎቹን ራሱ ፈተሸ። ማንገቻውን በግራ አንጓው አስገባሁለትና ካይቱን ይዤ ወደ ኋላ ሄድኩ።

እንደለቀቅሁት ከእጄ ተመንጭቆ ወጣ። ጮክ ያለ የጨርቅ ድምፅ እያሰማ ቀጥ ብሎ ወጣና ከላያችን ቆመ። ወደ ቀኝ አልወደቀም። ጋሼ መጀመሪያ ሁለቱን ክሮች እኩል ይዞ አቆየው። ከዚያ ግራ ክርኑ ከጎኑ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሲሳብ አየሁ፤ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ። ካይቱ ወደ ግራ ዞረ። ሰፊ ክብ ሠርቶ በገለባው አናት ላይ አለፈና ተመልሶ ወጣ። ደገመው። ኦቦ ደበላ ላይዳቸውን እንደያዙ ቀሩ፤ የበተኑት ሽምብራ እግራቸው ላይ ወደቀ።

ክንዱ እስኪዝል ግማሽ ሰዓት ያህል አበረረው። ስናወርደው ላቡን ጠርጎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

‹‹ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?››

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ገላን

ኦቦ ደበላ በፌስታል ሽምብራ ቋጥረው ሸኙን። ገላን ስንደርስ የደረጃው ነገር አስጨነቀኝ፤ ሚስቱም ገና አልገባችም። ትከሻዬን ላበድረው ስጠጋ ጋሼ ከዘራውን ሰጠኝና ግራ እጁን ብረቱ ላይ አደረገ። ጣቶቹ ሙሉ በሙሉ አልጨበጡም። ቢሆንም ያዙ። በየሦስት ደረጃው እያረፈ ወጣ፤ እኔ ከኋላው ከረጢቱን፣ ከዘራውንና ሽምብራውን ተሸክሜ ተከተልኩት።

አንድ ሰዓት፣ አቃቂ

ማታ ቤቴ ስገባ የጥጡን ክር ከማጠንጠኛው ፈትቼ ለልብስ ማስጫ ዘረጋሁት። ለዚያ ይሆናል። ከዚህ ጉዞ የነፋስና የክር ምርጫ ተምሬያለሁ፦ ለቀላል ነፋስ ትልቅና ቀላል ካይት ከቀጭን ክር ጋር፣ ለብርቱ ነፋስ ትንሽና የተበሳሳ ከወፍራም ጋር፣ ሁሌም የተጎነጎነ፣ ሁሌም እኩል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ሲወድቅ ደካማውን እጅ ከመውቀሴ በፊት የራሴን ክር መፈተሽ እንዳለብኝ ተምሬያለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለሸምሱ ይህን ልነግረው ነው፤ አፌ ከታዘዘልኝ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጋሼ ቤት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሚስቱ ናት። እሱን ስጪኝ አልኳት።

‹‹የለም›› አለችኝ። ‹‹ወጥቷል።››