በግራ ጠርዝ የተደበቀው ሰዓት

«ኖቬምበር ነበር» ይላል ኦሼክ። «2018… አይ፣ 2017 ነው። ኧረ እንጃ!» እርግጠኛ የሆነበት ነገር ቢኖር፣ ሲታናን ለመጨረሻ ጊዜ ያያት መንግሥት የአገሩን ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ በመለሰ ማግስት መሆኑን ብቻ ነው።

ሁለቱ በፖርት ሱዳን ወደብ አጠገብ፣ በአንድ የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ ጎን ለጎን ተቀምጠው የጭነት ወረቀት ይተይቡ ነበር። ሲታና ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ባሏ ከሞተ በኋላ አንዲት ልጇን በዚያው የትየባ ሥራ ያሳደገች ሴት ናት። ስትስቅ ከራስ እስከ እግር የምትጠቀለልበትን ጨርቅ፣ የቶቧን ጫፍ፣ አፏ ላይ ትይዛለች።

የቢሮው መስኮት የኤሲው ቅዝቃዜ እንዳይወጣ ተብሎ በካርቶን ታሽጓል። የጄኔሬተሩ ጩኸት የመስጊዱን አዛን ሳይቀር ይውጠዋል። ሥራ አስኪያጁ ኡስታዝ ተይፉር ጠዋት ጠዋት ስልካቸውን በቅርጫት ሰብስቦ ክፍሉ ይቆልፍበታል፤ የግድግዳውን ሰዓት ካወረደው ቆይቷል። በመጨረሻ የኮምፒውተሮቹንም ሰዓት አጠፋባቸው። «ሰዓት ስታዩ ጫማችሁን ነው የምትፈልጉት» አለ። ባለፈው ረመዳን «ገና ነው፣ ገና ነው» ሲላቸው ቆይተው ቢወጡ፣ መንገዱ ጨልሞ፣ ሰው ሁሉ አፍጥሮ ሻይ እየጠጣ ነበር።

የዚያን ቀን የሲታና ልጅ ሪማዝ ከአዲሱ ባሏ ጋር ከሱዋኪን በመርከብ ወደ ጅዳ ልትሄድ ነው። የተሳፋሪው በር ዐሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ከተዘጋ በኋላ ለእናትም አይከፈትም። ሱዋኪን ደግሞ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል።

ጠዋት ፉሉን ከብበው ሲበሉ ሲታና በአዲሱ ሰዓት ስታሾፍ ነበር። «ጊዜ መመለስ ከቻሉ የኔንም ጥርሶች ይመልሱልኝ እንጂ!»

ከቁርስ በኋላ ኡስታዙን ጠየቀችው። «ኡስታዝ፣ ዘጠኝ ሲሆን ልሂድ አይደል?»

«ራሴ መጥቼ እነግርሻለሁ፣ እህቴ። ምን አስጨነቀሽ?» ብሎ በሩን ዘጋ።

«ሰማኸው?» አለች ወደ ኦሼክ ዘንበል ብላ። «በረመዳንም ራሴ እነግራችኋለሁ ነበር ያለን።»

ተየቡ። አንዱ ወረቀት አልቆ ሌላው መጣ። ካርቶኑ ላይ ብርሃን የለም፣ ጥላ የለም።

«ስንት ሆነ ይመስልሃል?»

«እኔ በምን አውቄ? ሆዴን እንዳልጠይቅልሽ፣ እሱ ሁልጊዜ ምሳ ሰዓት ነው የሚለው።»

አልሳቀችም። «ታስክባሩን ፈልግልኝ» አለች፤ ሰዓቱ የሚቀመጥበትን፣ ከስክሪኑ ግርጌ ይዘረጋ የነበረውን መስመር ማለቷ ነው። ማውሱን ወደ ታች ገፉት፣ ምንም። ወደ ላይ፣ ምንም። የቢሮው ኮምፒውተሮች በዐረብኛ የሚሠሩ ናቸውና ጽሑፉም ከቀኝ ይነሣል፣ የመጀመሪያውም ቁልፍ ቀኝ ጥግ ነው። የሁለቱም እጅ ቀኙን ደጋግሞ አሰሰ።

«በላው እንዴ ሰውየው?» አለች። ላቧን በቶቧ ስትጠርግ ክርኗ ማውሱን ወደ ግራ ገፋው፤ መስመሩም ከግራው ጠርዝ ሾልኮ ወጣ። ኡስታዝ ተይፉር ማንም እጁን ወደማይሰድበት ዳር አዙሮ ደብቆት ኖሯል!

ማስተካከያውን ከፈተች። ኦሼክ በትከሻዋ በኩል አጎንብሶ፣ «‹ደብቅ› የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሺ… እሱን አይደለም! ያን ከነካሽ ሁሉም ቻይንኛ ይሆንብናል» ይላል።

«ዝም በል፣ እጄን አታስደንግጥብኝ።»

ከዝርዝሩ ውስጥ ሰዓቱን አገኙት፤ «ጠፍቷል» ይላል። «በርቷል» አደረገችው። ከዘጠኝ አልፎ ነበር።

ሲታና ወንበሯን ገፍታ ተነሣች። ኡስታዙ የወንበሩን ድምፅ ሰምቶ ወጣ። «ወዴት?»

«ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።»

የእጁን ሰዓት አይቶ ሳቀ። «ገና ስምንት ነው፣ አንቺ ሴትዮ። የመንግሥትን ወሬ አትሰሚም? ማሽንሽ የያዘው የድሮውን ሰዓት ነው።»

«እንግዲያው እኔም በድሮው ሰዓት ሄድኩ» አለች፣ ቶቧን እያጣፋች።

«አንድ ሰዓት ቀድመሽ ከወጣሽ እሑድ ሥራ ስንጀምር እዚህ እንዳላይሽ!»

በሩን ከፍታ ወጣች። ስልኳን እንኳ አልጠየቀችም።

ኦሼክ ስክሪኗን አየ፤ ሰዓቱ በግራ ጠርዝ ይቆጥራል። የጠዋቱ ቀልዷ ትዝ አለው። ሰዓቱ መመለሱን ከሁላቸውም በፊት ያወራችው እሷ ራሷ ናት! ታዲያ ስትነሣ ረስታው ነበር? ወይስ የምትፈልገው ተነሺ የሚላት ነገር ብቻ ነበር? ኡስታዙ እየጮኸበት፣ ኦሼክ ይህን ሊጠይቃት ተከትሏት ሮጠ።

ውጭው ዐይኑን ወጋው። ሚኒባሱ ተንቀሳቅሷል፤ የቶቧ ጫፍ በመስኮቱ ወጥቶ ይውለበለባል። «ሲታና!» ብሎ ተጣራ። ሚኒባሱ ወደ ሱዋኪን መንገድ ታጠፈ።