ሁለቱ የተስማሙበት ቃል

በጅማ ዙሪያ ላሉ ገበሬዎች የቡና ችግኝ የሚያድል ፕሮጀክት አስተባባሪ ሳለሁ ሁለት ባልደረቦቼ ክፉኛ ተጣሉብኝ። አንዱ የመስክ ኃላፊያችን ነበሩ፤ አሰንዳቦ ተወልደው ጅማ ያረጁ፣ አማርኛና ኦሮምኛውን በአንድ ትንፋሽ የሚያወሩ ሰው። ሌላው የችግኝ ጣቢያውን የሚቆጣጠር፣ ከወላይታ ከመጣ ገና ወር ያልሞላው ልጅ ነው።

ችግኙን የሚያደርስ አይሱዙ በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ልጁ መስክ ላይ ላሉት ኃላፊ ደውሎ ሲያበቃ መኪናውን አሰናብቶ ችግኙን በፈረስ ጋሪ ጭኖ ላከው። ኮረኮንቹ ላይ ሲንገጫገጭ አፈሩ ከሥሩ ረገፈ፤ የተረፈውም በፀሐይ ጠውልጎ ደረሰ። ጉድጓድ ቆፍረው ሲጠብቁ የዋሉት ገበሬዎች ተናደው ወደየቤታቸው ገቡ።

በማግሥቱ ኃላፊው «ወይ እሱ ወይ እኔ» አሉኝ። ልጁ ደግሞ «የታዘዝኩትን ፈጽሜ አልሰደብም፤ እለቃለሁ» አለ። ብሽቅ አልኩ። ከሁለቱ አንዱ መሄዱ ካልቀረ ማን እንደሚሄድ ግልጽ ነው፤ አዲሱ ነዋ! ግጭት አፈታት ብለው ሲያሠለጥኑን ባለቀለም ወረቀት ግድግዳ ላይ ስንለጥፍ ውለናል፤ ያ ሁሉ ወረቀት ያን ዕለት ምንም አልፈየደልኝም። ሁለቱንም ቢሮ አስገብቼ በሩን ዘጋሁና፣ በስልክ የተባባላችሁትን ብቻ ንገሩኝ አልኩ።

«በመኪናው ልላከው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው» አለ ልጁ።

«እኔስ ምን አልኩህ?»

«ጋሪ አሉኝ!»

«አዎ፣ ጋሪ አልኩህ! ወላሂ ጋሪ ነው ያልኩህ! ታዲያ ለምን አልላክህም?»

«ላክሁ እኮ! በጋሪ!»

እኔም የጅማ ልጅ ስለሆንኩ ቶሎ አልገባኝም ነበር። ጋሪ በኦሮምኛ ጥሩ፣ ደህና ማለት ነው፤ እዚህ አማርኛም እያወራን ሳናስበው ጣል እናደርገዋለን። ኃላፊው «ጥሩ፣ ላከው» ማለታቸው ነው። ኦሮምኛ የማይሰማው ልጅ የሚያውቀው ጋሪ ግን ፈረስ የሚጎትተውን ብቻ ነው።

ይህን ነገርኳቸው። እኔማ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ሳቁ ግማሹ እፎይታ ነበር። ልጁም መሳቅ ጀመረ።

ኃላፊው አልሳቁም። ኮፊያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ ሄጄ መርካቶ እህል ተራ ስቀጠር አማርኛ አንድ ቃል አልሰማም ነበር» አሉ። «አምጣ ሲሉኝ እወስዳለሁ፣ ውሰድ ሲሉኝ አመጣለሁ። ያባረረኝ የለም።» ወደ ልጁ ዞሩ። «አንተን ግን እኔ ላስባርርህ ነበር። አፉ በለኝ ልጄ።»

ልጁ ብድግ ብሎ «ኧረ እርስዎ እንዲህ አይበሉኝ!» አለ።

እጁን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡት።

«በል ንገረኝ» አሉት፤ «በእናንተ ቋንቋ ጥሩን ምን ትሉታላችሁ?»